ለቋሚ ኮሚቴው የተዘጋጀ አደጋ

ስሜን አልጽፍም፤ የሠራሁባቸውን ከተሞችም አልጠራም። የክልል ከተሞች ናቸው፣ ከዚያ በላይ አትጠይቁኝ። «የአደጋ ዝግጁነትና ምላሽ ዕቅድ» የሚባለው ሰነድ እንዴት እንደሚወለድ፣ ማን እንደሚያጸድቀው፣ ማን ተቆጣጠርኩት እንደሚልና በመጨረሻ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንደሚተኛ በቅርብ ስላየሁ ነው የምጽፈው። በመድረክ የሚባለውን ከዜና ሰምታችሁታል። እኔ በኮሪደር የሚባለውን ልንገራችሁ።

ከገንዘቡ ልጀምር፤ ብዙው ነገር የሚበላሸው እዚያ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይከፈታል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ክረምት ደግሞ ሰኔ ላይ ይገባል፤ ሐምሌና ነሐሴ ይከፋል። የጎርፍ መውረጃ ቦይ መጠረግ፣ ቱቦ መከፈት፣ የወንዝ ዳር ነዋሪ መነሣት ያለበት ግንቦትና ሰኔ ላይ ነው። ግንቦትና ሰኔ ግን የፋይናንሱ ሰው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ «ግዥ ተዘግቷል» የሚልባቸው ወሮች ናቸው። ሐምሌ ሲብት አዲሱ በጀት ጸድቆ፣ ተደልድሎ፣ በየሂሳብ መደቡ ገብቶ ክፍያ እስኪለቀቅ ዝናቡ ከባዱን ሥራ ጨርሷል። ገንዘቡ የሚተኛው ውሃው በሚነሣበት ሰዓት ነው ማለት ነው።

ይህን ለማየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ የዝናቡን ወቅትና የበጀቱን ወቅት ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል። እኔ በተገኘሁባቸው የግምገማ መድረኮች ግን አንድም የምክር ቤት አባል ይህን ሲያነሣ አልሰማሁም። የሚጠየቀው «የበጀት አጠቃቀም ስንት በመቶ ደረሰ?» ነው። ገንዘብ ተመላሽ ማድረግ እንደ ድክመት ስለሚቆጠር ሰኔ ላይ ቶሎ የሚገዛ ነገር ይፈለጋል። ቶሎ የሚገዛው ምንድን ነው? አንጸባራቂ ሰደርያ፣ ባነር፣ የሆቴል አዳራሽ ሥልጠና ከሻይ ቡና ጋር። አንድ ሰኔ ላይ ሰደርያው ተገዝቶ መጋዘን ገባ፤ በሐምሌ ጎርፍ ሲመጣ መጋዘኑን የቆለፈው ንብረት ክፍል ሠራተኛ የዓመት ፈቃድ ላይ ነበር። ሰደርያው በነሐሴ ለችግኝ ተከላ ወጣ፤ ፎቶው ያምር ነበር።

ዕቅዱ እንዴት እንደሚጻፍም እወቁ። የአምናው ፋይል ይከፈታል፣ ዓመተ ምሕረቱ ይቀየራል፣ የኃላፊው ፊርማ ያለበት ገጽ በአዲሱ ይተካል። ከሌላ ከተማ የተዋሰ ከሆነ የከተማው ስም ይለወጣል። ሐይቅ በሌለበት ከተማ ዕቅድ ውስጥ «የሐይቁ ዳርቻ ነዋሪዎች በቅድሚያ ይወጣሉ» የሚል ዐረፍተ ነገር በዓይኔ አንብቤአለሁ። ዕቅዱ በካቢኔ ታይቷል፣ ማኅተም አርፎበታል። ለሁለት ተከታታይ ዓመታት ሐይቁ እዚያው ነበር።

ይህን ስል ባለሙያውን ለመውቀስ አይደለም። የአደጋ ስጋት ባለሙያ የተባለው ሰው በብዙ ከተማ አንድ ነው፤ እሱም የምግብ ዋስትናውን፣ የሴፍቲኔቱን፣ የሪፖርቱን ሥራ ደርቦ የያዘ ነው። ዕቅዱን የሚያነብለት ሰው ቢኖር ኖሮ በደንብ ይጽፈው ነበር። የማይነበብ ነገር በደንብ የሚጽፍ ሰው ብዙ አይገኝም።

በወረቀት ላይ ቁጥጥሩ የጎደለው ነገር የለም። አገሪቱ በ2005 ዓ.ም. ብሔራዊ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ፖሊሲና ስትራቴጂ አጽድቃለች። የፖሊሲው ፍሬ ነገር አደጋ ከደረሰ በኋላ እህልና ብርድ ልብስ ከመጫን ይልቅ ስጋቱን ቀድሞ ማወቅና መቀነስ የሚል ነው፤ ኃላፊነቱንም እስከ ታች ያወርደዋል። አዲስ አበባን የወሰድን እንደሆነ በቻርተሩ አዋጅ፣ በቁጥር 361/1995፣ ምክር ቤት አላት፣ ከንቲባና ካቢኔ አላት፣ ዋና ኦዲተር አላት። ምክር ቤቶች ቋሚ ኮሚቴ አላቸው፤ አስፈጻሚው ለእነሱ ሪፖርት ያቀርባል። ዋና ኦዲተሮችም የሂሳብ ኦዲት ብቻ ሳይሆን የክዋኔ ኦዲት ይሠራሉ፤ ማለትም ገንዘቡ ስለመወራረዱ ብቻ ሳይሆን ሥራው ስለመሠራቱ መጠየቅ ይችላሉ። ለአደጋ ዝግጁነት ከዚህ የተሻለ መሣሪያ የለም። የሚነሣው ግን እምብዛም ነው፤ ስለ ኦዲት ሲወራ ጆሮ የሚቆመው ለጎደለ ብር እንጂ ላልተደረገ ልምምድ አይደለምና።

በኮሪደር ደግሞ ሌላ ነገር ይባላል። ጠያቂውና ተጠያቂው ከአንድ ፓርቲ ናቸው፤ ከሰዓት በፊት በምክር ቤት አዳራሽ ፊት ለፊት የተቀመጡት ሰዎች ማታ በአንድ የፓርቲ ስብሰባ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አንዳንዴም የሚጠየቀው ኃላፊ በፓርቲው ከጠያቂው በላይ ነው። እንግዲህ «ክቡር ሰብሳቢ፣ ይህ ዕቅድ አይሠራም» የሚል ሰው ምን ዓይነት ልብ ሊኖረው እንደሚገባ እናንተው ገምቱት።

ወደ መስክ ምልከታው ልውሰዳችሁ። ቋሚ ኮሚቴው ሲመጣ በድንገት አይመጣም። ደብዳቤው ቀድሞ ይደርሳል፣ ከደብዳቤው ጋር ቼክሊስቱ ይያያዛል። ፈተናው ከነጥያቄው ስለተላከ መልሱን ማዘጋጀት ቀላል ነው። «የአደጋ ስጋት ዕቅድ አለ ወይ?» የሚል ስላለበት ዕቅዱ በስፓይራል ታስሮ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። «ግብረ ኃይል ተቋቁሟል ወይ?» ስለሚል የማቋቋሚያ ደብዳቤና ቃለ ጉባኤ ይወጣል፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ፊርማ የጎደለ እንደሆነ በዚያው ሳምንት ይሟላል። ቦቴው ይታጠባል። በየኮሪደሩ የተንጠለጠሉት እሳት ማጥፊያዎች ይወለወላሉ፤ የግፊት መለኪያው ቀይ ላይ ያረፈው ሲሊንደር ዞር ብሎ ፊቱን ለግድግዳ ይሰጣል። ኮሚቴው ቡና ጠጥቶ፣ ፕሮጀክተር ላይ ያለውን ገለጻ ሰምቶ፣ ግቢውን ዞሮ ሲያበቃ ግብረ መልስ ይሰጣል። «በጥንካሬ የታዩ» ረጅም ነው። «በክፍተት የታዩ» ሁለት ሦስት ነጥብ፤ ከእነሱ አንዱ ሁልጊዜ «ቅንጅታዊ አሠራር ይጠናከር» ነው። በዓመቱ መሥሪያ ቤቱ «በተሰጠን ግብረ መልስ መሠረት ቅንጅታዊ አሠራር ተጠናክሯል» ብሎ ይመልሳል። ማን ከማን ጋር፣ በምን ተቀናጀ የሚል የለም።

አንድ ጊዜ ግን ይህ ሥርዓት ተናጋ። ከኮሚቴው አባላት አንዷ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ነበሩ፤ ሠራተኛው ሁሉ «ቲቸር» ነው የሚላቸው። ገለጻው ሲያልቅ ሌላው ሰው ጥያቄ ሲያነብ እሳቸው ዕቅዱን ከኋላው ከፈቱት። አባሪ ሦስት ላይ ቆሙ። አባሪ ሦስት የአስቸኳይ ጊዜ ተጠሪዎች ስልክ ነው፤ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ተቋም፣ ኃላፊነት፣ ስልክ፣ ምርመራ የሚል ስድስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ። የምርመራው ዓምድ ከላይ እስከ ታች ባዶ ነበር።

«ልጄ፣ እስቲ ይኼን ደውልልኝ። ድምፁን ከፍ አድርገው፣ ሁላችንም እንስማ» አሉት ኃላፊውን።

«ክብርት፣ ዛሬ ኔትወርኩ ትንሽ...» አለ።

«ግድ የለም፣ ሞክረው።»

የመጀመሪያው ጥሪ አይቀበልም ተባለ። ሁለተኛው አነሣ፤ «እኔ እኮ ከተዛወርኩ ቆየሁ፣ አሁን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ነኝ፤ ማን ልበል?» አለ። ሦስተኛው ቁጥር ላይ አንድ አሃዝ ይጎድላል፤ ሲተየብ የተዘለለ ነው፣ ስንት ዓመት ተዘሎ እንደኖረ እንጃ። አራተኛው ሲደወል እዚያው ጠረጴዛ ላይ ያለ ስልክ ጮኸ። የኃላፊው ምክትል ነው፤ በዝርዝሩ ውስጥ በሁለት ቦታ፣ በሁለት ኃላፊነት፣ በአንድ ስልክ ተመዝግቧል። ከጀርባ አንድ ሰው ሊስቅ ብሎ አሳለው።

ቲቸር ወረቀቱን ዘግተው «እንግዲህ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢሆንስ?» ብቻ ነው ያሉት። በግብረ መልሱ ላይ የተጻፈው «የመረጃ ልውውጥ ሥርዓቱን ማዘመን ቢቻል» የሚል ነው። በሚቀጥለው ዓመት ኮሚቴ ሲደለደል ለቲቸር ሌላ ኮሚቴ ደረሳቸው። ለምን እንደሆነ የነገረኝ ሰው የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ከዚህ የሚከብደው ጉዳይ ግን አባሪው ውስጥ የለም። ትልልቆቹ አደጋዎች የሚታቀዱት በሌላ መሥሪያ ቤት ሰነድ ውስጥ ነው፤ የአደጋው መሥሪያ ቤት አያያቸውም፣ አደጋውን የሚቆጣጠረው ኮሚቴም አያያቸውም።

የአዲስ አበባውን ቆሻሻ መጣያ፣ ቆሼን አስታውሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ገደለ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ይህ በአደባባይ የሚታወቀው ነው። ወደ ኋላ አንድ ዓመት ስትሄዱ ግን ሌላ ነገር ታገኛላችሁ። በ2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቆሻሻ ወደ ሰንዳፋ አዲስ ማስወገጃ መሄድ ጀምሮ ነበር። የአካባቢው ገበሬዎች ተቃወሙ፤ ሰንዳፋ ወራት ብቻ ሠርቶ ቆመ። ቆሻሻው ተመልሶ ግማሽ ምእተ ዓመት የሞላው ቆሼ ላይ መከመር ጀመረ። እዚያው ጥግ ላይ ሰው ይኖራል፣ ጎጆ አለ፣ ቆሻሻ እየለየ የሚያድር አለ።

ያ ውሳኔ በየትኛው ሪፖርት ውስጥ የሚገባ ይመስላችኋል? እንዲህ ያለ ነገር የሚገባው በጽዳት ሪፖርት ነው፤ «በየቀኑ ይህን ያህል ቶን ተነሥቷል» በሚለው ውስጥ። ቆሻሻው ከሰፈር ተነሥቶ ሲሄድ አፈጻጸሙ አረንጓዴ ይሆናል። የሄደበት ቦታ ቀይ መሆኑን የሚጽፍ ዓምድ የለም። የጽዳቱን ጉዳይ የሚያይ ኮሚቴ ስለ ቶን ይጠይቃል፣ የአደጋውን የሚያይ ኮሚቴ ስለ ቦቴ ይጠይቃል፤ መሐል ላይ ያለው ተራራ የማንም አይደለም። እዚያው ቆሼ ጎን የተሠራው የረጲ ከቆሻሻ ኃይል ማመንጫ የተመረቀው በነሐሴ 2010 ነው፤ ከአደጋው ከዓመት በላይ ዘግይቶ።

ድሬዳዋ ደግሞ ሌላውን ችግር ታሳያለች። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ወሰደ። ደቻቱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፣ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። የዚያን ሌሊት ውሃ ያወረደው ዝናብ የዘነበው ከከተማው በላይ፣ በሐረርጌ ደጋ ነው። የከተማው ምክር ቤት ሥልጣን የሚያበቃው በከተማው ወሰን ነው፤ ደመናው ግን የአስተዳደር ወሰን አያውቅም። ከዚያ ወዲህ በደቻቱ ግራና ቀኝ ግንብ ተሠርቷል፣ ያም ጥሩ ነው። እኔ የድሬዳዋ የምክር ቤት አባል ብሆን ግን ግንቡን ለማየት አልሄድም፤ ግንቡ የትም አይሄድም። የምጠይቀው ደጋው ላይ ሲዘንብ ለከተማው የሚደውለው ሰው ማን ነው፣ የማን ደመወዝተኛ ነው፣ ስልኩ ካርድ አለው ወይ የሚለውን ነው።

መርካቶ ሸማ ተራ በጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት ሲቃጠል በዜና የሰማችሁት የመንገዱ መጥበብ ነው። እውነት ነው፤ መኪና የማያስገባ መንገድ ላይ ቦቴ ማስገባት አይቻልም። መጥበቡ ግን የዚያን ማታ የመጣ አይደለም። ሸራው በአንድ ቀን አልተዘረጋም፤ ዕቃ መንገድ ላይ መደርደሩን የሚያየው ደንብ ማስከበር በየቀኑ እዚያው አለ። ይህም እንደ ቆሼ በሌላ ሰው ሪፖርት ውስጥ ያለ አደጋ ነው።

አሁን የማነሣውን ጉዳይ ከውጭ ያለ ሰው ብዙም አያስተውለውም። እሳት ሲነሣ ውሃ ከመረጨቱ በፊት የኤሌክትሪክ መስመሩ መቆረጥ አለበት፤ አለበለዚያ ውሃው ራሱ አጥፊውን ይገድላል። ሃይድራንቱ ውሃ ሊኖረው ይገባል። ስልኩ መሥራት አለበት። አዲስ አበባ ላይ ውሃና ፍሳሽ የከተማው ነው፤ ምክር ቤቱ ሊጠራው ይችላል። የኤሌክትሪክ አገልግሎትና ኢትዮ ቴሌኮም ግን የፌዴራል ድርጅቶች ናቸው፤ ለከተማ ምክር ቤት ሪፖርት አያቀርቡም። ክልል ከተማ ላይ ሲሆን ይብሳል፤ የዲስትሪክቱ ኃላፊ «ከበላይ አካል ካልታዘዝኩ» ይላል፣ የበላይ አካሉ አዲስ አበባ ነው። በግብረ ኃይሉ ዝርዝር ውስጥ ስሙ አለ። በስብሰባው ላይ ተወክሎ የሚመጣው ግን ውሳኔ የማይሰጥ ባለሙያ ነው፤ ማስታወሻ ይዞ ይሄዳል። ዕቅዱ ላይ «ኤሌክትሪክ ወዲያውኑ ይቋረጣል» ተብሎ ተጽፏል። «ወዲያውኑ» ስንት ደቂቃ እንደሆነ፣ ሌሊት ማን እንደሚቆርጠው የተጻፈበት ዕቅድ ባየሁ ደስ ይለኝ ነበር። ቋሚ ኮሚቴ ይህን አንድ ቃል ብቻ ይዞ ቢከራከር ዓመቱን ሙሉ የሚበቃ ሥራ አለው።

በታኅሣሥ 2017 የፈንታሌው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ ሰው ሌሊት ከፎቅ እየወረደ ደጅ ሲቆም፣ በየመሥሪያ ቤቱ ምን ሆነ መሰላችሁ? ደብዳቤ ወረደ። «የመሬት መንቀጥቀጥ ዕቅድ በአስቸኳይ ተዘጋጅቶ ይላክ።» አዲስ አበባ የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ መሆኗ በዚያ ሳምንት የታወቀ ይመስል! በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬው ርዕደ መሬት የማጀቴን ከተማ እንዳፈረሰ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች አሉ። የምሁራኑ ጥናትም ለዘመናት መደርደሪያ ላይ ነው። የተላከው ዕቅድ ግን በጥቂት ቀን የተጻፈ ነው፤ የጎርፉ ዕቅድ ላይ «ጎርፍ» የሚለው ቃል ተነሥቶ «መንቀጥቀጥ» የገባበትም አይጠፋም። መሬቱ ጸጥ ሲል ደብዳቤውም ጸጥ አለ። የትኛው ሕንፃ ይፈተሽ፣ የትኛው ሜዳ ሰው ለማሰባሰብ ይከለል፣ ያ ሜዳ በሊዝ ከመሸጡ በፊት ማን ይጠየቅ የሚለው ጥያቄ ግን ጸጥ ማለት አልነበረበትም። ስለ ሜዳው በጣም አስቡበት፤ ዕቅድ ላይ «መጠለያ ቦታ» ተብሎ የተመለከተ ሜዳ ላይ በኋላ ሕንፃ የቆመበት ከተማ ውስጥ ሠርቻለሁ። ሰነዱ ላይ እስካሁን ሜዳ ነው።

ይህ የድሃ አገር ጣጣ ብቻ ነው እንዳትሉ ወደ ለንደን ልውሰዳችሁ። ከቆሼ ሦስት ወር በኋላ፣ ሰኔ 7 ቀን 2009 በእኛ አቆጣጠር፣ ግሬንፌል የሚባለው የመኖሪያ ፎቅ ተቃጥሎ 72 ሰው ሞተ፤ ከነዋሪዎቹና ከሟቾቹ መካከል ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ነበሩበት። ሕንፃው ያለው በአገሪቱ ካሉ ሀብታም የከተማ አስተዳደሮች በአንዱ፣ በኬንሲንግተንና ቼልሲ ነው። የሕዝብ ምርመራው የመጨረሻ ሪፖርት በፈረንጆቹ 2024 ሲወጣ ስለ ሕንፃው የውጭ ሽፋን ቁሳቁስ ብቻ አልነበረም የሚያወራው። አስተዳደሩ ለእንዲህ ያለ ድንገተኛ ሁኔታ ሠራተኞቹን በቅጡ አላሠለጠነም ነበር፤ ቤታቸውን ያጡትን ሰዎች የት እንደሚያሳድር፣ በምን እንደሚመግብ በደንብ አላሰበበትም። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ነገሩን በእጁ ማስገባት አቃተው። ወሩ ረመዳን ሆኖ ሳለ የጾመኛውን ፍላጎት ያሰበ አልነበረም። ክፍተቱን የሞሉት የሰፈሩ ሰዎች፣ መስጊዶች፣ አብያተ ክርስቲያናትና የማኅበረሰብ ማዕከላት ናቸው። ዕቅድ ነበራቸው፤ የተጻፈና የታተመ። ልዩነቱ እዚያ ሰባት ቅጽ ሪፖርት ታትሞ ማንም ሰው ከፍቶ የማን ጥፋት ምን እንደነበረ ማንበብ መቻሉ ነው። ያን ያህል እንኳ ባይሆን፣ አንድ እሳት በተነሣ ቁጥር «ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም» የሚል አሥር ገጽ ለምክር ቤት ቀርቦ በይፋ ቢነበብ ትልቅ ነገር ነበር። እኛ ጋ ከአደጋ በኋላ የሚጻፈው የጉዳት መጠንና የድጋፍ ዝርዝር ነው፤ ስንት ቤት፣ ስንት ኩንታል፣ ስንት ፍራሽ።

ስለ ሰፈር ሰው ካነሣሁ እድርን ሳልጠቅስ አላልፍም። በሠራሁባቸው ከተሞች ዕቅድ ውስጥ የባለድርሻ አካላት ዝርዝር ሲወጣ ያልተጠራ የለም፤ ዓለም አቀፍ ድርጅት፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ባንክ። እድር የለም። አደጋ ሲደርስ ግን መጀመሪያ የሚደርሰው እድር ነው። ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ድስትና ሳህን አለው፣ ጥሪ የሚያዳርስ ሰው አለው። የወረዳው የነዋሪ መዝገብ የሞተውን በሕይወት፣ የሄደውን አለ ሲል፣ የእድሩ ጸሐፊ ግን በየወሩ መዋጮ ስለሚሰበስብ የትኛው ቤት ውስጥ አልጋ ላይ የዋለች እናት እንዳለች ሳይቀር ያውቃል። ጎርፍ ሲመጣ ማንን መጀመሪያ ማውጣት እንዳለበት የሚያውቀው እሱ ነው። ይህን ሐሳብ በአንድ ስብሰባ ሳነሣ «እድር እኮ ሕጋዊ ሰውነቱ...» ተባለ፤ ነገሩ ለሕግ ክፍል ተመራ። እዚያው ያለ ይመስለኛል።

ልምምድ የሚባለውም አለ። በአንዳንድ ከተማ በዓመት አንድ ጊዜ ይደረጋል። ሰዓቱ ይነገራል፣ ካሜራ ይመጣል፣ ጎማ ይቃጠላል፣ ቦቴው እየጮኸ ይደርሳል፤ አስቀድሞ ጥጉ ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበርና አይዘገይም። ከንቲባው ያመሰግናሉ። ሳይነገር፣ ቅዳሜ ማታ፣ ኃላፊው ሠርግ ላይ እያለ የተደረገ ልምምድ እኔ አላየሁም። የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ በደብዳቤ ሊያዝዘው የሚችል ነገር ነው፤ ወጪው የነዳጅ ብቻ ነው። ማንም የማያዝዘው ምን እንደሚታይ ሁሉም ስለሚያውቅ ነው።

የምክር ቤት አባል ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ዘንድሮ መስክ ስትወጡ ቼክሊስቱን ቀድማችሁ አትላኩ። ዕቅዱን ከፊት አትክፈቱት፤ ከአባሪው ጀምሩ፣ ስልኩንም እዚያው ቁጭ ብላችሁ ደውሉ። ያለፈው ልምምድ መቼ እንደነበረና ማን እንዳልመጣ ጠይቁ። የጽዳቱን፣ የመንገዱን፣ የመሬት ሊዙን ሪፖርት የምታዩ ከሆናችሁ ደግሞ «ይህ ውሳኔ ማን ላይ ሊናድ ይችላል?» በሉ። ነዋሪ ከሆናችሁም ወረዳችሁ ሄዳችሁ የአካባቢያችሁን የአደጋ ዕቅድ ማየት እንደምትፈልጉ ተናገሩ፤ የሚሰጣችሁ ሰው ቢጠፋ እንኳ መጠየቃችሁ ሪፖርት ውስጥ ይገባል፣ ሪፖርት ውስጥ የገባ ነገር ደግሞ እነሱ ጋ ይፈራል። አዲስ አበባ የምትኖሩ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ስልኩ 939 ነው፤ ዛሬውኑ መዝግቡት፣ ልጆቻችሁንም አስጠኑ።